ለቋንቋ ብሎ ሰው ቤት መክረም፦ ስለ ተማሪዎች የልውውጥ ጉዞ ጥያቄና መልስ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ቋንቋ አስተምራለሁ፤ ለልውውጥ ጉዞ የሚሄዱትን አዘጋጃለሁ፣ አብሬያቸውም እጓዛለሁ። ከተማሪዎች፣ ከወላጆችና ከመምህራን የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ የተማሪውን ቋንቋ የሚለውጠው የሄደበት ከተማ ሳይሆን ያረፈበት ቤት ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ቋንቋውን ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ፤ ግን እንደ ልቤ አልናገርም። ለመሄድ ይበቃኛል?

ለአጭር ጉዞ ይበቃሻል። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ከኤ1 እስከ ሲ2 ድረስ ስድስት ደረጃዎች አሉት። ኤ2 ላይ፣ ማለትም ሁለተኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ተማሪ ስለ ራሱ፣ ስለ ቤተሰቡና ስለ ውሎው መናገር ስለሚችል ለጥቂት ሳምንታት ቆይታ ስንቅ አለው። ክፍል ገብቶ ታሪክና ሳይንስ በዚያ ቋንቋ ለሚማር ግን ሦስተኛውን ደረጃ፣ ቢ1ን ቢይዝ እመርጣለሁ። ብቻ «እንደ ልቤ እስክናገር ልጠብቅ» አትበይ። እንደ ልብ መናገር የሚመጣው እዚያው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከክፍሉ ተማሪዎች ጋር ለሁለት ሳምንት መሄድ ይችላል። ሌላ ድርጅት ደግሞ ብቻውን ለሦስት ወር ሊወስደው ዝግጁ ነው። የትኛው ይሻላል?

ዋናው ዓላማዎ ቋንቋው ከሆነ ሦስቱ ወር ይሻላል። በቡድን የሄዱ ተማሪዎች አብረው ይውላሉ፤ አብረው ሲውሉ ደግሞ የሚያወሩት በራሳቸው ቋንቋ ነው። መምህሩ ቢቆጣም፣ ቢለምንም ያው ነው። ብቻውን የሄደ ልጅ ግን ፎጣ ለመጠየቅም ቢሆን አፉን መክፈት አለበት። የሁለት ሳምንቱን ጉዞ ማጣጣሌ አይደለም፤ ፍርሃትን ይሰብራል፣ ለረጅሙም መንገድ ይጠርጋል።

ለረጅሙ ጉዞ ምሳሌ ልስጥ፦ ፈረንሳይና ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1963 የኤሊዜን የወዳጅነት ስምምነት ተፈራርመው በዚያው ዓመት የጋራ የወጣቶች ጽሕፈት ቤት አቋቁመዋል። «ብሪጊት ሶዜ» የተባለው መርሐ ግብራቸው ተማሪውን ለሦስት ወር ያህል፣ «ቮልቴር» የተባለው ደግሞ ለስድስት ወር በአቻው፣ ማለትም በሚለዋወጠው የሌላው አገር ተማሪ ቤት ያኖረዋል፤ ከዚያ አቻው በተራው ይመጣል። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ዓይነቱን ነው፤ ሁለቱም እንግዳም ባለቤትም ሆነው ያዩታልና።

ጥያቄ፦ ሴት ልጃችንን ከማናውቃቸው ሰዎች ቤት ልንልክ ነው። ቤተሰቡ ደህና መሆኑን በምን እናውቃለን?

አዘጋጁን ድርጅት ፊት ለፊት ይጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ አያሳፍርም። ቤቱን በአካል ሄዶ ያየው ማን ነው? አብረው የሚኖሩት አዋቂዎች ሁሉ የወንጀል ሪከርዳቸው ተጣርቷል? ሌሊትም የሚነሳ ስልክ አለ? አስተባባሪው ልጅቷን በስንት ጊዜ አንዴ ያገኛታል? ለምሳሌ በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የልውውጥ ደንብ ዕድሜያቸው 18 የሞላ የቤቱ ነዋሪዎች ሁሉ እንዲጣሩ፣ አስተባባሪውም ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ተማሪውን እንዲያገኝ ያስገድዳል። የትም ይሁን የት ከዚህ ያነሰ አይቀበሉ። «እኛ እናውቃቸዋለን» ብሎ የሚያልፍ ድርጅት ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

ልጅቷ ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ ትስማ፦ የሚያስፈራት ወይም የሚያሸማቅቃት ነገር ከገጠማት ማስረጃ ማቅረብ አይጠበቅባትም፤ በዚያው ሰዓት ትደውል። ቤት መቀየር በየመርሐ ግብሩ የተለመደ ነው፤ ማንንም አያዋርድም።

ጥያቄ፦ እዚህ ከመጣሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። እራት ላይ ሁሉም ይስቃሉ፤ እኔ ምንም አይገባኝም። ዝም ብያለሁ። መመለስ እፈልጋለሁ።

አይዞህ። ብዙ ተማሪዎች በዚህ በር አልፈዋል፤ አንተም ታልፋለህ። በመጀመሪያ፣ ድካምህ እውነተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ በባዕድ ቋንቋ የሚያዳምጥ ሰው ምሽት ላይ አእምሮው ይዝላል። ስለዚህ በጊዜ ተኛ። ሁለተኛ፣ የከበደህ ቋንቋው ብቻ አይደለም። አንትሮፖሎጂስቱ ካለርቮ ኦበርግ እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ ባህል ድንጋጤ በጻፈው ጽሑፍ ጭንቀቱን የሚያመጣው የለመድናቸውን ምልክቶች ማጣታችን እንደሆነ አስረድቷል፦ መቼ እጅ መጨበጥ እንዳለብን፣ ግብዣን መቼ መቀበል መቼ እንቢ ማለት እንደሚገባን፣ የትኛው ንግግር የምር የትኛው ለወግ እንደሆነ። አገርህ ሳለህ ሳታስበው ትፈጽመው የነበረውን ሁሉ አሁን እያሰብክ ትፈጽማለህ።

የእራት ገበታ ደግሞ ለጀማሪ ከሁሉ የከበደ ቦታ ነው፤ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ያወራል፣ ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። እዚያ አትጀምር። ከእራት በኋላ ዕቃ ከሚያጥበው ሰው ጎን ቆመህ አድርቅ። ሁለት ሰው ብቻ ሲሆን ወሬው ዝግ ይላል፣ እጅም ሥራ ስለሚይዝ ዝምታው አያስጨንቅም። በቤቱ አያት ወይም ትንሽ ልጅ ካለ ዕድለኛ ነህ፤ ሁለቱም አይቸኩሉም፣ ደጋግመው መናገርም አይሰለቻቸውም።

ያልገባህን እንደገባህ መስለህ ራስህን አትነቅንቅ። «አልገባኝም» ብቻም አትበል፤ እንዲህ ስትል ሰው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግምልሃል። የያዝከውን አሳየውና የቀረህን ጠይቅ፦ «ባቡሩ እንዳመለጣችሁ ገብቶኛል፤ ከዚያስ ምን ሆነ?» በል። ያኔ የሚያወራህ ሰው ከየት መቀጠል እንዳለበት ያውቃል።

ለመመለስ ከመወሰንህ በፊት ሐሳብህን ለአስተባባሪው ንገረውና ሁለት ሳምንት ጨምር። የሚያስፈራህ ሰው ካለ ግን አንድ ቀን አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ በየማታው በቪዲዮ እንደውልለታለን፤ ልጁ ግን ቁርጥ ቁርጥ ያለ መልስ ነው የሚሰጠን። ተቀይሞን ይሆን?

አልተቀየመዎትም። ምሽት ቋንቋው የሚለመድበት ሰዓት ነው፤ ያን ሰዓት እርስዎ ከወሰዱት ልጁ አካሉ እዚያ፣ ልቡ እቤቱ ይሆናል። ቀን ቆርጣችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ ረዘም አድርጋችሁ ተነጋገሩ። የናትና የአባት ናፍቆት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በመሀል አጭር መልእክት ይጻፉለት፤ በተመቸው ጊዜ ይመልሳል።

ጥያቄ፦ የቋንቋ መምህር ነኝ። ከጉዞው በፊት ባለው ወር ምን ላስተምራቸው?

አዲስ ሰዋስው ይተዉት። ጉዞ በአብዛኛው የሚጨምረው የንግግር ቅልጥፍናንና የቃላት ሀብትን ነው፤ የሰዋስው ጥራት ቀስ ብሎ ይከተላል። ስለዚህ የቤት ውስጥ ንግግር ያለማምዷቸው፦ የተበላሸ ነገር ማሳወቅ፣ ሕመምን መግለጽ፣ ሳያስቀይሙ እንቢ ማለት፣ ይቅርታ መጠየቅ። መማሪያ መጻሕፍት ስለ ሙዚየም ብዙ ያስተምራሉ፤ ሻወሩ ሙቅ ውሃ እንቢ ሲል ምን እንደሚባል ግን እምብዛም አይናገሩም።

እዚያ ሳሉ ደግሞ ሰው ሳያነጋግሩ የማይጨርሱት ሥራ ይስጧቸው። ከቤቱ ትልቅ ሰው አንዱን ስለ ትምህርት ቤት ዘመኑ ጠይቀው፣ የሰሙትን ጽፈው፣ ለራሱ ለባለታሪኩ አንብበውለት ያሳርሙ። ይህን ሥራ ከምንም የቱሪስት ቦታ ጉብኝት አስበልጣለሁ።

ጥያቄ፦ ስለ ወረቀት ጉዳይስ?

የፓስፖርቱ ማብቂያ ቀን ከመመለሻው ቢያንስ ስድስት ወር ቢሻገር ይመረጣል፤ ብዙ አገሮች ይህን ይጠይቃሉ። የወላጆች የፈቃድ ደብዳቤ፣ የመድኃኒትና የአለርጂ ዝርዝር በተቀባዩ አገር ቋንቋ ይያዝ። ለሸንገን ቪዛ (አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ ለሚጠቀሙበት) የጉዞ የጤና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት፤ የአጭር ጊዜው ቪዛም በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም።

ጥያቄ፦ ቤተሰቦቼ ወጪውን አይችሉትም። ሌላ መንገድ አለ?

አለ። ኤ.ኤፍ.ኤስ. የተባለው ድርጅት መነሻው የአንደኛው የዓለም ጦርነት በጎ ፈቃደኛ የአምቡላንስ ነጂዎች ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያለዋውጣል፤ የገንዘብ ድጋፍም ይሰጣል። የአሜሪካ ኮንግረስና የጀርመን ፓርላማ (ቡንደስታግ) እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በጋራ የሚደግፉት መርሐ ግብርም ለሁለቱ አገሮች ወጣቶች ነፃ ዕድል ይከፍታል። የማመልከቻ ጊዜው ብዙውን ጊዜ ከጉዞው ወራት ቀድሞ ስለሚዘጋ ዛሬውኑ ጠይቅ። እስከዚያው መምህርህ ከሌላ አገር ክፍል ጋር በኢንተርኔት ቢያገናኛችሁ፣ ግማሹን ሰዓት በእነርሱ፣ ግማሹን በእናንተ ቋንቋ ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ እኔ ከሄድኩበት ቤት ያለችው ልጅ በተራዋ ወደ እኛ ልትመጣ ነው። ምን ላዘጋጅላት?

ቤት አታሳምሪ፤ ጊዜሽን አዘጋጂ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በፕሮግራም አታጨናንቂባት፤ በጣም ይደክማታል። የቤታችሁን ልማድ ሳትጠይቅሽ ንገሪያት፦ ጫማ የት እንደሚወልቅ፣ ማን ቀድሞ እንደሚታጠብ፣ ስትራብ ራሷ ምግብ ማንሳት ትችል እንደሆነ። አነጋገርሽን አዝግሚ እንጂ አትሰባብሪው። ስትሳሳት በየቃሉ አታርሚያት፤ ትክክለኛውን በመልስሽ ውስጥ አስገቢላት። እናትሽም ልጅቷ የምትናገረውን ቋንቋ ባታውቅ አትጨነቅ፤ ለእንግዳዋ ከሁሉ የሚጠቅማት እናትሽን ማዳመጥ ነውና አብራት ትቀመጥ።