የሴራ ወሬ የጤና መመሪያ ሲሆን፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥያቄ፦ ተራው ሰው ወሬ ቢያምን አይገርመኝም። አማካሪና ቤተ ሙከራ ያለው ባለሥልጣን ግን እንዴት በሴራ ትንተና ይወሰዳል?

መልስ፦ «ሴራ አለ» ብሎ መመሪያ የሚጽፍ ባለሥልጣን እምብዛም አይገኝም። የሚጻፈው «ተጨማሪ ጥናት እስኪደረግ ይቆይ» የሚል ነው። ደቡብ አፍሪካን ተመልከቱ። ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ በ2000 ባቋቋሙት የኤድስ አማካሪ ቡድን ውስጥ ኤችአይቪ ኤድስን አያመጣም የሚሉት ፒተር ዱስበርግና መሰሎቻቸው ከዘርፉ ሐኪሞች እኩል ወንበር አገኙ። ያለቀለት ጉዳይ እንደ አዲስ አከራካሪ መሰለ።

ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚረዳ መድኃኒት ደግሞ በእጅ ነበር። በወቅቱ እናት ምጥ ሲጀምራት 200 ሚሊግራም ኔቪራፒን አንዴ ትውጥ፣ ሕፃኑም በተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ በአንድ ኪሎ ክብደቱ 2 ሚሊግራም ሽሮፕ ይሰጠው ነበር። በኡጋንዳ ተጠንቶ ውጤቱ በ1999 የወጣው ይህ አሰጣጥ ቫይረሱ ወደ ልጅ የሚተላለፍበትን ዕድል በግማሽ ገደማ ቀንሷል። አምራቹም ለ5 ዓመት በነፃ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። መንግሥት ግን በየክፍለ ሀገሩ በሁለት የሙከራ ጣቢያዎች ገደበው፤ ከዚያ ውጭ ያለ የመንግሥት ሐኪም ማዘዝ አይችልም ነበር። ገደቡን ያነሳው በጁላይ 2002 የተሰጠው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2008 እንዳሰሉት፣ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምናው በአጠቃላይ መዘግየቱ ከ330,000 በላይ ሰዎችን ሕይወት አስከፍሏል።

ጥያቄ፦ በናይጄሪያ ካኖ የፖሊዮ ክትባት የቆመው በባዶ ወሬ ነው?

መልስ፦ ወሬው ሐሰት ነበር፤ ጥርጣሬው ግን መነሻ ነበረው። በ1996 ካኖ ውስጥ ማጅራት ገትር ሲዛመት ፋይዘር 200 ሕፃናት ላይ የመድኃኒት ሙከራ አካሄደ፤ 11 ሕፃናት ሞቱ፣ ወላጆች በትክክል ፈቅደዋል ወይ የሚለው ጉዳይም ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2003 «ክትባቱ መካን ያደርጋል» ሲባል ሕዝቡ ያንን አልረሳም። ዘመቻው አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቆሞ በ2004 ከኢንዶኔዥያ በመጣ ክትባት ቀጠለ። ቫይረሱ በዚህ መካከል ድንበር ተሻግሮ ሱዳንና ኢትዮጵያ፣ በኋላም የመንና ራሷ ኢንዶኔዥያ ደረሰ። እንዲህ ባለ ቦታ የቀድሞውን በደል በይፋ ሳያነሱ «ክትባቱ ደህና ነው» እያሉ መደጋገም ሰሚ አያገኝም።

ጥያቄ፦ አንድ ቤተ ሙከራ «ክትባቱ ውስጥ መካን የሚያደርግ ሆርሞን አገኘሁ» ቢልስ?

መልስ፦ ውጤቱን ከማየታችሁ በፊት አመራመሩን ጠይቁ። የብልቃጡ መለያ ቁጥር ተመዝግቧል? እሽጉ ሳይከፈት ነው የደረሰው፣ በማን እጅስ አለፈ? መመርመሪያው የተሠራው ለደም ወይም ለሽንት ከሆነ፣ በክትባት ፈሳሽ ላይ የሚሰጠው ቁጥር ትርጉም የለውም፤ በፈሳሹ ያሉ ማቆያዎችና ጨዎች ንባቡን ሊያዛቡት ይችላሉ። ምንም እንደሌለበት የሚታወቅ ናሙና፣ ለምሳሌ ንጹሕ ውኃ፣ አብሮ ተመርምሮ ነበር? እሱም «አለበት» ካለ ስህተቱ ከመመርመሪያው ወይም ከአያያዙ ነው። በመጨረሻም መጠኑን ጠይቁ፤ «ተገኘ» የሚል ቃል ያለ ቁጥርና ያለ መለኪያ ምንም አይነግራችሁም።

በታንዛኒያ እንዲህ ያለው ማጣራት ተዘለለ። ፕሬዚዳንት ማጉፉሊ በሜይ 2020 ከፓፓያና ከፍየል የተወሰደ ናሙና ኮሮና አለበት መባሉን ተናገሩ። ተገቢው እርምጃ ቤተ ሙከራውን መፈተሽና ምርመራውን በሌላ ቦታ መድገም ነበር። የተደረገው ግን ኃላፊዋን ማገድ ሆነ፤ የአገሪቱ የሕሙማን ቁጥር ሪፖርትም 509 ላይ ቆመ።

ጥያቄ፦ ጤና ጽሕፈት ቤት ነው የምሠራው። ኃላፊያችን ወሬውን አምነው «ዘመቻው ይቁም» ቢሉ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስብሰባ መሐል አይከራከሯቸው፤ ሰው ፊት የተናገሩትን ማጠፍ ይከብዳቸዋል። ለብቻ ያነጋግሯቸውና «ምን ማስረጃ ቢመጣ ይቀጥል ይላሉ?» ብለው ይጠይቁ። መልሳቸው ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፦ ማን ያጣራል፣ በምን ዘዴ፣ እስከ መቼ። ማብቂያ ቀን የሌለው ማቆም ነው አደገኛው። በፓስፊክ ደሴቷ አገር ሳሞአ በ2018 ሁለት ሕፃናት የሞቱት ነርሶች የኩፍኝ ክትባቱን በውኃ ፋንታ ጡንቻ በሚያዝል መድኃኒት ስለበጠበጡት ነበር። ስህተቱ የአበጣበጥ ሆኖ ሳለ ክትባቱ ራሱ ለወራት ቆመ፣ ፀረ ክትባት ወሬም ክፍተቱን ሞላው፤ በ2019 ኩፍኝ ገብቶ 83 ሰው ገደለ፣ አብዛኞቹ ሕፃናት።

የመዘግየቱን ዋጋ በቁጥር ያቅርቡ። በዓመት 6,000 ሕፃናት በሚወለዱበት አካባቢ አንድ ወር ማቆም 500 ሕፃናትን ያለ ክትባት ያስቀራል። ኩፍኝን ለመግታት ደግሞ 95 በመቶው መከተብ አለበት።

ጥያቄ፦ መንግሥታት በጤና ስም እውነተኛ ሴራ ሠርተው የለም እንዴ?

መልስ፦ ሠርተዋል። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ቢን ላደንን ሲያድን በፓኪስታን አቦታባድ የሐሰት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ዘመቻ አካሂዷል፤ የፖሊዮ ከታቢዎችም ዳፋው ተርፏቸዋል። ስለዚህ ሲጠየቁ አይካዱት። «አዎ፣ ያ ተደርጓል» ይበሉና ይህ ዘመቻ በማን ገንዘብ እንደሚካሄድ፣ ክትባቱ ከየት እንደመጣና ማን እንደመረመረው ወረቀቱን ያሳዩ።