መልስ፦ ተደፍራ ካረገዘች ልጅ ጽንሱን ለማቋረጥ የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል?

አይጠየቅም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 552፣ ጽንሱ በመደፈር የመጣ መሆኑን ለማስረዳት የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው ስለሚል፣ የእኅትዎ ልጅ ከዘጌ ባሕር ዳር ድረስ መጥታ «የፖሊስ ወረቀት አምጪ» መባሏ አግባብ አልነበረም።

«እንደ አየርላንድ የሕዝብ ድምፅ እንጠብቅ ወይ?» ላሉት፣ አየርላንድ በ2018 እ.ኤ.አ. ሕዝበ ውሳኔ ያካሄደችው የጽንስ ማቋረጥ ክልከላው በ1983 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ስለገባ ነው። የእኛን ሕግ ያጸደቀው ምክር ቤት ነው።

የጤና ባለሙያው «ጽንስ ማቋረጥ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» ካለ እምነቱን ያክብሩለት፤ ነገር ግን ሌላ ባለሙያ ጋር እንዲልካት ዛሬውኑ ይጠይቁት።

እዚህ ደጋግሜ ያየሁት ጉዳት ከመዘግየት የሚመጣ ነው፤ ወረቀት ፍለጋ ሲንከራተቱ ሳምንታት ያልፋሉ፣ ከዚያም ተስፋ የቆረጡት በድብቅ ጽንስ ወደሚያቋርጡ ሰዎች ሄደው ደም እየፈሰሳቸው ሆስፒታል ይደርሳሉ።