ዋጋን ከአገር አገር ማወዳደር፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። ዋጋ ይዛችሁ ስትመጡ በየትኛው ተመን እንደመነዘራችሁት፣ ተመኑም የየትኛው ቀን እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። በሉ እንግዲህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የትኛው አገር ነው ርካሽ?

መልስ፦ ለማን? ምን ለመግዛት? ቀጣይ።

ጥያቄ፦ የአንዱን አገር ዋጋ በዕለቱ ምንዛሪ አባዝቼ ከሌላው ጋር ባስተያይ ምን ችግር አለው? ሁሉም የሚያደርገው እንዲህ አይደል?

መልስ፦ ሁሉም ያደርገዋል፣ ልክ ነሽ። ችግሩ የምንዛሪ ተመን የሱቅ ዋጋን እየጠበቀ አይንቀሳቀስም። ስዊዘርላንድን እዪ። ማዕከላዊ ባንኳ ከሴፕቴምበር 2011 ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይከላከል ነበር። ጃንዋሪ 15 ቀን 2015፣ ሐሙስ ጠዋት አራት ተኩል ላይ፣ ድንገት «በቃኝ» አለ። ፍራንክ በደቂቃዎች ውስጥ ሽቅብ ተተኮሰ። ሲረጋጋ አንድ ዩሮ የሚመነዘረው በአንድ ፍራንክ አካባቢ ሆነ።

አሁን መደርደሪያ ላይ 12 ፍራንክ የተለጠፈበት ሻምፖ አለ እንበል። ረቡዕ ማታ በዩሮ 10 ነበር። ሐሙስ ከሰዓት 12 ሆነ። ሻጩ ዋጋውን አልነካም፣ ሻምፖውም ያው ሻምፖ ነው። በፍራንክ ደመወዝ የሚበላው ስዊዛዊ ሱቁ ውስጥ ምንም ለውጥ አላየም። በዩሮ ለሚያስበው እንግዳ ግን አገሩ በአንድ ጠዋት ተወደደበት። «ስዊዘርላንድ በጣም ውድ ናት» ያለኝን ሰው ሁሉ የየትኛው ቀን ተመን ነው ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የበርገሩ መለኪያስ? እሱ ይሻላል ይባላል።

መልስ፦ ቢግ ማክ ኢንዴክስን ማለትህ ነው፤ ቢግ ማክ የተባለውን የማክዶናልድስ በርገር ዋጋ ከአገር አገር የሚያወዳድረውን። ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት በ1986 ለጨዋታ ያህል የጀመረው ነገር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በርገሩ አሜሪካ 6 ዶላር፣ ሌላ አገር 300 የአገሩ ገንዘብ ቢሆን፣ በበርገር ስሌት አንድ ዶላር 50 ነው። ባንክ በ100 ከመነዘረ ያ ገንዘብ ከሚገባው በግማሽ ዝቅ ብሏል ይባላል።

ይባላል እንጂ፣ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ድሃ አገር አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መለኪያ ርካሽ ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱን ባላሳ እና ሳሙኤልሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1964፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው አስረድተውታል። ፀጉር አስተካካዩን ውሰድ። ሀብታም አገር ያለውም፣ ድሃ አገር ያለውም በሰዓት የሚቆርጠው ራስ ያው ነው። ሀብታሙ አገር ግን ፋብሪካ አለ፤ በማሽን ብዙ ስለሚመረት ጥሩ ይከፈላል። ፀጉር አስተካካዩ ከዚያ ብዙ ያነሰ ካገኘ መቀሱን ጥሎ ፋብሪካ ይገባል። ስለዚህ የእሱም ዋጋ ይወጣል። ደግሞ የፀጉር ቁርጥ በመርከብ አይጫንም፤ ከርካሹ አገር አስመጥቶ ዋጋ የሚያወርድ ነጋዴ የለም። በርገሩ ውስጥም ሥጋና ዳቦ ብቻ ሳይሆን የቤት ኪራይና የአስተናጋጅ ደመወዝ አለ። መጽሔቱ ራሱ በ2011 የአገሮችን ገቢ ያገናዘበ ሁለተኛ ስሌት ጨምሯል። እሱን ተመልከት።

ጥያቄ፦ ስልክስ? ስልክ በመርከብ ይጫናል።

መልስ፦ ይጫናል፤ ለዚህም ልዩነቱ ይጠባል። የሚቀረው በአብዛኛው ቀረጥና ታክስ ነው። አሜሪካ የሚለጠፈው ዋጋ የሽያጭ ታክስ የለበትም፣ አውሮፓ የሚለጠፈው ቫት አለበት። ሃንጋሪ ቫቱ 27 በመቶ ነው። ታክሱን ሳትለዩ አታወዳድሩ።

ጥያቄ፦ ይፋዊውን ተመን ነው የምንጠቀመው ወይስ የጥቁር ገበያውን?

ሌላ አባል፦ የጥቁር ገበያውን ነዋ! ባንክ የማይሸጥልህ ዶላር ተመኑ ምን ይሠራልሃል?

ሦስተኛ አባል፦ ተው እንጂ! አስመጪው ዶላሩን በይፋዊው ተመን ካገኘ ዕቃው የሚሸጠው በዚያ ሒሳብ ነው።

ሌላ አባል፦ አግኝቶም ቢሆን በጥቁሩ ሒሳብ ነው የሚሸጥልህ። ነጋዴ አታውቅም ማለት ነው።

ሦስተኛ አባል፦ ሁሉም ነጋዴ እንዳንተ ነው እንዴ?

መልስ፦ ጭቅጭቁ ይብቃ። አርጀንቲና ውስጥ በ2023 መጨረሻ የጎን ገበያው ተመን ከይፋዊው ከእጥፍ በላይ ነበር። ዲሴምበር ላይ መንግሥት ይፋዊውን ለአንድ ዶላር ከ366 ፔሶ ገደማ ወደ 800 ወሰደው። ከዚያ በፊት በባንክ ተመን ያሰላ ሰው አገሩን ውድ ይለዋል፣ ጥሬ ዶላር ይዞ የገባ ቱሪስት ደግሞ ርካሽ ይለዋል። ሁለቱም የከፈሉትን ነው የተናገሩት። አንተ ገንዘቡን በምታገኝበት ተመን አስላ፤ የትኛው እንደሆነም ጻፍ። ደግሜ ልበለው? ጻፍ።

ጥያቄ፦ ደመወዜ ውጭ አገር ይበቃኛል?

መልስ፦ የት፣ ስንት፣ በምን ገንዘብ? ቤት ኪራይ ሳይታወቅ ማን ይመልስልሃል?

ጥያቄ፦ የዓለም ባንክ የመግዛት አቅም ቁጥር አለው። እሱን ብቻ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ተጠቀሚ፣ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። አሜሪካ አንድ ዶላር የሚገዛውን ለመግዛት በየአገሩ ገንዘብ ስንት እንደሚያስፈልግ ይነግርሻል። ብዙ ሺህ ዕቃና አገልግሎት ከየአገሩ ተለቅሞ ነው የሚሰላው። ግን ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ። ለጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት የሚሆነው ግንባታና ማሽን ሁሉ ይገባበታል። አንቺ የምትፈልጊው የቤተሰብ ፍጆታውን ነው። ለአንድ ከተማ ኪራይ ግን አይሆንሽም፤ የአገር አማካይ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በጠቅላላው የትኛው አገር ነው ርካሽ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ የቤንዚን ዋጋ በጋሎን አግኝቻለሁ፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ። ልክ ነው?

መልስ፦ የአሜሪካው ጋሎን 3.785 ሊትር ነው፣ የእንግሊዙ 4.546። ሁለቱንም መጀመሪያ ወደ ሊትር ቀይር። ተመኑን አልጻፍክም።

ጥያቄ፦ የትናንቱን ነው የተጠቀምኩት።

መልስ፦ የዋጋዎቹስ ቀን?

ጥያቄ፦ አንዱ የአምና ነው።

መልስ፦ እንግዲያው የዘንድሮውን ፈልግና ና።