«ድኗል የሚል ወረቀት አምጣ» ለተባለ ሠራተኛ

ጥያቄ፦ ወንድሜ ባይፖላር የሚባለው የአእምሮ ሕመም አለበት። ታሞ ሰባት ወር ከሥራ ቀረ። አሁን መድኃኒቱን በአግባቡ ይወስዳል፤ ሐኪሙም ሥራ መጀመር ትችላለህ ብሎታል። መሥሪያ ቤቱ ግን «ሙሉ በሙሉ ድኗል የሚል ወረቀት አምጣ፤ ካልሆነ ራስህ መልቀቂያ አስገባ» አለው። ምን ያድርግ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። መልቀቂያ እንዳያስገባ። ብዙ ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው ከፈረመ በኋላ ነው። «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብሎ ፈርሞ፣ ኋላ ተገድጄ ነው እያሉ ማስረዳት አበሳ ነው። ማሰናበት ከፈለጉ እነሱ ያሰናብቱት፤ ምክንያቱንም በጽሑፍ ይስጡት። ያኔ የምንከራከርበት ነገር ይኖረናል።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ባይፖላር እንደ ስኳር በሽታ ክትትል እየተደረገለት አብሮ የሚኖር ሕመም ነው። «ድኗል፣ አይመለስበትም» ብሎ የሚፈርም ሐቀኛ ሐኪም አይገኝም። ስኳር ያለበትን ሠራተኛ ዳንኩ የሚል ወረቀት አምጣ የሚል አለቃ ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም። ዋናው የሕግ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሥራውን መሥራት ይችላል ወይ? እንዲችል የሚያግዘው ማስተካከያስ አለ ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ ስሙ «አካል» ቢልም፣ የረጅም ጊዜ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ያቅፋል። አንቀጽ 27 በቅጥር ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ በመቆየትም መድልዎን ይከለክላል። በአንቀጽ 2 መሠረት ደግሞ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም ሠራተኛው ሥራውን እንዲችል የሚያግዘውን ማስተካከያ፣ መንፈግ ራሱ መድልዎ ነው፤ ማመቻቸቱ አሠሪው ላይ ያልተመጣጠነ ሸክም ካልጫነ ማለት ነው። የሕመም ፈቃድ ስንት ወር እንደሆነ ግን የየአገሩ የሥራ ሕግ ነው የሚወስነው። ሰባት ወሩ ከዚያ ካለፈ ክርክሩ ይከብዳል። ይህን ቀድማችሁ አጣሩ።

ሐኪሙ «ድኗል» ብሎ አይጻፍ። ለሥራ ብቁ መሆኑን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና የሚያስፈልገውን ይጻፍ። የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ለምሳሌ የሌሊት ተረኛ አለመሆን፦ ለባይፖላር የእንቅልፍ መዛባት ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት የሚያደነዝዘው ከሆነ ትንሽ አርፍዶ መግባት። መጀመሪያ ሳምንታት ግማሽ ቀን መሥራት። ሊትየም የሚባለውን የባይፖላር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ለደም ምርመራ የሚሄድበት ሰዓት። የሕመሙን ስም ለአለቃውና ለባልደረቦቹ መዘርዘር አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ማመቻቸት እንዲደረግለት ከጠየቀ ግን የጤና ምክንያት እንዳለው መናገሩ አይቀርም።

ይህን ሁሉ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር አያይዞ በደብዳቤ ያስገባ። ቀን ይጻፍበት፣ ግልባጩ ላይ ማኅተም ያስመታ። ደብዳቤውን አብራችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፤ የሚፈርመው ግን እሱ ነው። እርስዎም እሱ ሳይፈቅድ አለቃውን እንዳያነጋግሩ። ልብዎ ቢያዝንም፣ «ራሱን ችሎ መናገር እንኳ አይችልም» የሚል ሰበብ ለአሠሪው አይስጡ።

እምቢ ካሉት ወይም ካሰናበቱት ደግሞ ሳይውል ሳያድር ጠበቃ ያናግር። የሥራ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በብዙ አገር አጭር ነው።