ይጽፋሉ፣ ለማንበብ ግን ያፍራሉ
ጥያቄ፦ ደሴ ከተማ ውስጥ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ልጃገረዶችን የፈጠራ ጽሑፍ አለማምዳለሁ፤ የሚጽፉት ሁሉ ምክር ይሆናል፣ ድምፅ አውጥተው ለማንበብም ያፍራሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ምክር የሚጽፉት እስካሁን ያስመሰገናቸው እርሱ ስለ ሆነ ነው። ስለ እናት ፍቅር ጻፉ ከማለት ይልቅ፣ እናታቸው ከአቦል እስከ በረካ ቡና ስታፈላ እጇ ምን እንደሚያደርግ፣ ረከቦቱ ላይ የትኛው ሲኒ ጠርዙ እንደ ተሸረፈ ያስጽፏቸው። ባቲና አምባሰል የአገራቸውን ስም የያዙ ቅኝቶች ናቸውና፣ በእነርሱ የሚዜሙትን ስንኞች ከአያቶቻቸው ሰምተው ይምጡ። ለንባቡ፣ አስቀድመው እርስዎ ያላለቀ ረቂቅዎን ያንብቡላቸው፤ ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዷ የሌላዋን ታንብብ። ቀይ እስክሪብቶውን እባክዎ ቤት ይተዉት፤ ደብተራቸውንም ያለ ፈቃዳቸው ለማንም አያሳዩባቸው።