«ተዝናኚ» እና «ቀና እንዳትዪ»፦ አርባ ምንጭ ለተመደብሽው እህቴ

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! በዚህ ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ዩኒቨርሲቲ መግባት ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ እሱን አጣጥሚው።

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከደሴ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመድበሻል። ናቹራል ነሽ። አባትሽ «ከደብተርሽ ቀና እንዳትዪ» ብለውሻል። የሰፈርሽ ሲኒየሮች ደግሞ «ፍሬሽማን (የመጀመሪያው ዓመት) ምንም አይደል፣ ዝም ብለሽ ተዝናኚ» ይሉሻል። የማንን ልስማ ነው ያልሽው። እኔም ከወሎ ሄጄ እዚያው ነው የተማርኩት። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ልንገርሽ፣ ይረዝማል፣ ቻይኝ።

ከሲኒየሮቹ ልጀምር። «ፍሬሽማን ምንም አይደል» የሚለውን በፍጹም እንዳትሰሚ። የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ተመልሶ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ገቢዎች እኛ ነበርን። ከእኛ በፊት የነበሩት በቀጥታ ዲፓርትመንት ነበር የሚገቡት። አሁን ግን ዲፓርትመንት የሚደርስሽ ፍሬሽማንን ከጨረስሽ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ግሬድሽም በምደባው ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። ሜዲስን ወይም ሶፍትዌር የሚመኝ ሁሉ እዚያው ሰልፍ ላይ ነው ያለው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ተዘናግተው የነበሩ ጎበዝ ልጆች በሁለተኛው ሴሚስተር ቀን ከሌሊት አንብበው የሚፈልጉትን ሲያጡ አይቻለሁ። እነዚያ ልጆች ሰነፎች አልነበሩም፤ ዘግይተው ነው የነቁት።

እዚህ ላይ ብዙ የናቹራል ተማሪ የማያስተውለው ነገር አለ። ጂፒኤ (አማካይ ውጤትሽ) የሚሰላው በክሬዲት ሀወር፣ ማለትም እያንዳንዱ ኮርስ ባለው ክብደት ነው። ከፍሬሽማን ኮርሶች አብዛኞቹ እኩል 3 ክሬዲት ናቸው። ሎጂክም፣ ሳይኮሎጂም፣ ጂኦግራፊም ከማትስ እኩል ይመዝናሉ ማለት ነው። የናቹራል ልጆች ግን ማትስና ፊዚክስ ላይ ብቻ ይለፋሉ፣ ሎጂክን «በፈተናው ዋዜማ አነበዋለሁ» ይላሉ። ሎጂክ በዋዜማው የሚነበብ ኮርስ አይደለም። አርጉመንትና ፋላሲን ለይቶ ማወቅ ልምምድ ይፈልጋል። በማትስ ኤ አምጥቶ በሎጂክ ሲ ያመጣ ልጅ፣ በሁለቱም ቢ ካመጣው ጋር ያው 3.00 ላይ ነው የሚገናኘው። ስለዚህ የምትንቂው ኮርስ አይኑርሽ።

ሌላው፣ ፋይናል ብቻውን አያድንሽም። ኩይዝ፣ ሚድ፣ አሳይመንት ተደምረው ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉን ይይዛሉ። ገና ዶርም እየለመድሽ፣ ገና ካፌ የት እንደሆነ እያወቅሽ የመጀመሪያው ኩይዝ ይመጣል። እሱን ጠብቂው።

አሁን ወደ አባትሽ ምክር። አባትሽ ልክ ናቸው፣ ትምህርቱ ይቀድማል። ነገር ግን ብቻዋን ደብተሯ ላይ የተደፋች ልጅ ጥሩ ግሬድ ታመጣለች ማለት አይደለም። ሃይስኩል ብቻሽን ቸክለሽ አልፈሽ ይሆናል። ግቢ ግን ሌላ ነው። አንድ መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ሃያ ምናምን ገጽ ሀንዳውት (የኮርሱን ጽሑፍ) ሊያልፍ ይችላል። የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፣ አነጋገሩን እስክትለምጂ ጊዜ ይወስዳል። አንቺ ያመለጠሽን ሌላዋ ይዛዋለች፣ እሷ ያልገባትን አንቺ ታስረጃታለሽ። በግቢ ትምህርትና ኑሮ የሚለያዩ ነገሮች አይደሉም። አብረሽ የምትስቂያቸውና አብረሽ የምታነቢያቸው ልጆች አንድ ከሆኑ፣ የአባትሽንም ምክር ጠበቅሽ፣ ኑሮውንም ኖርሽ።

እነዚህን ልጆች የት ታገኛለሽ? መጀመሪያ ዶርምሽ ውስጥ። የእኛ ዶርም ውስጥ አንዷ ከጂንካ፣ አንዷ ከአምቦ፣ አንዷ ከሐዋሳ፣ አንዷ ከአዲግራት ነበረች። መጀመሪያ ሁላችንም አልጋችን ላይ ተቀምጠን ስልካችንን ነበር የምናየው። ያቀራረበን ምግብ ነው። እናቴ የላከችውን ዳቦ ቆሎና በሶ አወጣሁ፣ የአምቦዋ ጭኮ አመጣች፣ ከዚያ በኋላ ዝም የሚባል ነገር የለም። የአምቦዋ ልጅ ማትስ ላይ አንደኛ ነበረች። አንድ ጥያቄ በሦስት መንገድ ነበር የምታስረዳው። የጂንካዋ እንግሊዝኛዋ ግሩም ነበር፣ አሳይመንታችንን ሁሉ አንብባ የምታርመው እሷ ናት። እኔ ጂኦግራፊና ታሪክ እወድ ስለነበር እሱን እተርክላቸው ነበር። ሚድ ሲደርስ አንድ ላይ ወደ ላይብረሪ እንወርዳለን፣ አንድ ላይ እንመለሳለን። ማታ ብቻሽን ከመመለስም ያድናል፣ ለሴት ልጅ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ስለዚህ ከእናትሽ ስንቅ ስትቀበዪ ለራስሽ ብቻ አታስቢ፣ ለዶርም የሚበቃ ያዢ።

ከአገርሽ ልጆች ጋር መገናኘት ደስ ይላል። የደሴ ልጆች እንደደረስሽ ያገኙሻል፣ መንገድ ያሳዩሻል፣ ያበሉሻል። ውለታቸውን ተቀበዪ። ግን እዚያ ብቻ ታጥረሽ እንዳትቀሪ። ይህን አጥብቄ የምልሽ ምክንያት አለኝ። እኛ በገባንበት በ2012 መጀመሪያ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ብጥብጥ ነበር፣ ሕይወታቸውን ያጡ ተማሪዎች ነበሩ፣ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ፌስቡክ በየሰዓቱ አዲስ ወሬ ያመጣ ነበር። ከአገራቸው ልጅ ጋር ብቻ የሚውሉት ልጆች ወሬውን እርስ በርስ እየተቀባበሉ ያባብሱት ነበር። የእኛ ዶርም ግን ወሬ በመጣ ቁጥር አንዷ ለዘመዷ፣ አንዷ ለጓደኛዋ ደውላ ታጣራለች። ከአራት አቅጣጫ ሲጣራ አብዛኛው ውሸት ሆኖ ይገኛል። ያኔ ተረጋግተን የተቀመጥነው አብረን ስለነበርን ነው። በመጋቢት በኮሮና ምክንያት ግቢ ተዘግቶ ስንበተን ተቃቅፈን ነው ያለቀስነው። ዛሬም ድረስ እንደዋወላለን።

እናትሽ «ሩቅ ነው፣ ሰው አታውቂም» ብለው እንደሚጨነቁ ጽፈሻል። ይገባኛል፣ የእኔም እናት እንደዚያው ነበረች። ለእናትሽ ስለ ጋሞ አባቶች፣ ስለ አካባቢው የአገር ሽማግሌዎች ንገሪያቸው። በመስከረም 2011፣ አዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ቡራዩ የጋሞ ተወላጆችን ጨምሮ በሰዎች ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ የአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ ሲወጡ፣ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሷቸው እነዚህ አባቶች ናቸው። የምትሄጂው እነሱ አገር ነው።

ወደ ተግባር ልግባ። ደሴ ደጋ ነው፣ አርባ ምንጭ ሙቀት ነው። ያንን ወፍራም ብርድ ልብስ ተሸክመሽ አትሂጂ። ቀለል ያለ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ የስፖርት ልብስ ይበቃሻል። አጎበር ግን ያዢ፣ ወባ አለ። ትኩሳትና ራስ ምታት ከጀመረሽ «ድካም ነው» ብለሽ አትተኚ፣ ወዲያው ክሊኒክ ሂጂና ተመርመሪ። የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ የሃይስኩል ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶ አስቀድመሽ አዘጋጂ። ኮፒ ብዙ አድርገሽ ያዢ። በምዝገባ ቀን የኮፒ ቤቱ ሰልፍ ያደክማል።

አርባ ምንጭ አንድ ግቢ እንዳይመስልሽ። ዋናው ግቢ አለ፣ አባያ፣ ጫሞ፣ ኩልፎ፣ ነጭ ሳር የሚባሉም አሉ። ጥሪው ሲወጣ የአንቺ የትኛው እንደሆነ በደንብ አንብቢ። ከተማዋም ላይና ታች ናት፣ ሴቻ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች። ጉዞሽን ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነስተሽ በቀን ብርሃን እንድትደርሺ አድርጊው። ብቻሽን ሳይሆን ከሌሎች ገቢዎች ጋር ተቀጣጥረሽ ሂጂ። በእጅሽ ብዙ ብር አትያዢ፣ ቴሌብር ወይም ባንክ ላይ ይሁን፣ ፒኑን ለማንም እንዳትነግሪ።

ስለ ካፌ ጠይቀሻል። ምግቡ የቤት ምግብ አይደለም፣ ግን ያኖራል። አንዳንዶች ገና እንደገቡ ነን ካፌ ለመሆን፣ ማለትም የምግቡን ገንዘብ በእጅ ተቀብለው ውጭ ለመብላት ይቸኩላሉ። ቢያንስ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ካፌ ተመገቢ ባይ ነኝ። የሚሰጠው ገንዘብ ውጭ ለመብላት አይበቃም፤ ሰዓትሽንም ይበላል። ዋጋው ሁሉ ጨምሯል። ሲያምርሽ ቅዳሜ ሲቀላ ወርደሽ ማንጎና ሙዝ ግዢ፣ ከልጆቹ ጋር አዋጥታችሁ ዓሣ ብሉ። የወጪ መጋራት ፎርም ስትሞዪም ዝም ብለሽ አትፈርሚ፣ አንብቢው። ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ የምትከፍዪው ዕዳ ነው።

አሁን ሴት ለሴት ላውራሽ። ፍሬሽ ሴት ልጅ ስትገባ ሲኒየር ወንዶች ይከባሉ። «ሀንዳውት ልስጥሽ፣ ላስጠናሽ፣ ግቢውን ላሳይሽ» ይባላል። ከልቡ የሚረዳም አለ፣ ብዙ ወንድሞች አግኝቻለሁ። ግን ሀንዳውት ስለሰጠሽ ምንም ዕዳ የለብሽም። ማስጠናት የሚፈልግ ላይብረሪ ውስጥ ያስጠናል። ሰዓት እላፊ የሚያስመሽሽ፣ ከግቢ ውጭ የሚቀጥርሽ ከሆነ በቃ በዪ። ከመምህር ወገን ከውጤት ጋር የተያያዘ አጉል ነገር ከመጣብሽ ደግሞ ዝም እንዳትዪ። መልእክቱን አታጥፊው፣ ለዶርም ልጆች ንገሪ፣ የሴት ተማሪዎችን ጉዳይ ወደሚይዘው ጄንደር ቢሮ ሂጂ። እኔ የማውቃት አንዲት ልጅ ዝም ብላ አንድ ዓመት ተሰቃይታለች። በመጨረሻ የተናገረችው አብረዋት የሄዱ ጓደኞች ስላገኘች ነው። ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ትምህርቷን ጥላ ትሄድ ነበር።

ጫትና ሺሻም አለ። «ለጥናት ያነቃል» ይሉሻል። ሌሊቱን ነቅታ ጠዋት ፈተና ክፍል እንቅልፍ የጣላት ልጅ አይቻለሁ። ተኚ፣ እንቅልፍ ለጥናት ይጠቅማል።

መዝናናትስ? አዎ፣ ተዝናኚ! ግን ሁሉም ቦታ አትበታተኚ። ከትምህርት ውጭ አንድ ነገር ምረጪና እሱን ጠንክረሽ ያዢው። ግቢ ጉባኤ ሊሆን ይችላል፣ ፌሎ ሊሆን ይችላል፣ ጀመዓ ሊሆን ይችላል፤ እንደየሃይማኖቱ የተማሪዎች ማኅበር ማለት ነው። ቀይ መስቀል፣ የሥነ ጽሑፍ ምሽት፣ የሴቶች እግር ኳስም አለ። እኔ የያዝኩት ሥነ ጽሑፍን ነበር። ሰው ፊት ቆሜ መናገር የቻልኩት እዚያ ነው፣ በኋላ ፕሬዘንቴሽን ሲመጣ አልፈራሁም። አንድ ቦታ ስትቆዪ ሰው ያውቅሻል፣ ኃላፊነት ይሰጥሻል። አምስት ክለብ ተመዝግቦ አንዱም ጋ የማይታይ ብዙ ነው።

ከተማዋንም እያት። የአርባ ምንጭን ስም ያወጡት ምንጮች ከተማዋ ሥር ጫካ ውስጥ ናቸው። ከሴቻ በኩል ቁልቁል ስትመለከቺ አባያና ጫሞ ጎን ለጎን ተኝተው ይታያሉ፣ በመካከላቸው ያለው ቀጭን መሬት የእግዜር ድልድይ የሚባለው ነው። ዕረፍት ስታገኙ ወደ ጨንቻ መንገድ ወጥታችሁ ዶርዜን እዩ፣ ሸማው እንዴት እንደሚሸመን ትመለከታላችሁ። ብርድ ስለሆነ ጋቢሽን ያዢ። አብረውኝ የነበሩ አንዳንድ ልጆች ይህን ሳያዩ ተመርቀው ሄደዋል። ለእኔ ያሳዝነኛል፣ ሌላ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚያየው አገር ነው።

ዲፓርትመንትን በተመለከተ፣ አሁኑኑ አትወስኚ፣ ግን አሁኑኑ መጠየቅ ጀምሪ። ዩኒቨርሲቲው በ1979 የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው የጀመረው፣ በውኃ ምህንድስና ስሙ የቆየ ነው። ኢንጂነሪንግ ካማረሽ የዚያን ዲፓርትመንት ልጆች ፈልገሽ አናግሪ። ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ያሉትን ጠይቂ፣ ምን እየተማሩ እንደሆነ፣ የተመረቁት የት እንደገቡ ይነግሩሻል። «እሱ ጥሩ ነው አሉ» በሚል ብቻ የገባ ሁሉ በሁለተኛው ዓመት መማረር ይጀምራል። ደግሞም ከ2015 ጀምሮ ለመመረቅ የሚታለፍ መውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። ሀንዳውቶችሽን በየሴሚስተሩ በፎልደር አስቀምጪ፣ ኮርሱ አለቀ ብለሽ አትጣዪ። በመጨረሻው ዓመት ሁሉም ሰው የሁለተኛ ዓመት ሀንዳውት ፍለጋ ነው የሚሯሯጠው።

የተመለሰ የፈተና ወረቀትሽንም አስቀምጪ። የግሬድ ስህተት ይገጥማል። ማስረጃ ይዘሽ በትሕትና ከጠየቅሽ ይስተካከላል፣ ለእኔ አንድ ጊዜ ተስተካክሎልኛል። ቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ግን አጭር ስለሆነ ውጤት እንደተለጠፈ ተመልከቺ።

ላፕቶፕ ይገዛልኝ ወይ ላልሽው፣ ለፍሬሽማን አያስፈልግሽም። ደህና ስልክ፣ ደብተርና የኮፒ ብር ይበቃል። ዲፓርትመንት እስክታውቂ ቤተሰብሽን አታስጨንቂ፤ ሶፍትዌር የገባችና ባዮሎጂ የገባች ልጅ የሚያስፈልጋቸው ላፕቶፕ አንድ አይደለም። አባትሽ ብሩን አስቀምጠው ከሆነ ግማሹን ለመንገድና ለመጀመሪያው ወር ወጪ ይስጡሽ። የቀረው እስከሚቀጥለው ዓመት ባንክ ይቆይ።