ሁለተኛውን ኮንትራት ማን ይሰጣችኋል?

ይህን የምጽፈው ቋሚ ሥራችሁን ለቃችሁ ኮንትራት ልትገቡ ለምታስቡ ወጣቶች ነው። በሁለቱም መንገድ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። በኮንትራት ተቀጥሬም፣ ሌሎችን ቀጥሬም አውቃለሁ። ፈራሚውም አስፈራሚውም ምን እንደሚያስብ በቅርብ አይቻለሁ።

“ልልቀቅ ወይ?” ብሎ የሚመጣ ወጣት መጀመሪያ የሚያነሳልኝ ገንዘቡን ነው። አሁን የሚከፈለኝ ይሄን ያህል ነው፣ እዚያ ይሄን ያህል ብለውኛል። እኔ መልሼ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው። ይሄኛው ኮንትራት ሲያልቅ ቀጣዩን ማን ይሰጥሃል? አብዛኛው ዝም ይላል።

የመጀመሪያው ኮንትራት ብዙ ጊዜ ራሱ ፈልጎ ይመጣል። የሚያውቃችሁ ሰው ሌላ ድርጅት ገብቶ ይጠራችኋል። ወይም አንድ ፕሮጀክት ሰው ይቸግረውና ስማችሁ ይነሳል። መፈለግ ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ያ ሥራ የተገኘው በአንድ ሰው ትውውቅ ነው። ሰውየው ከቦታው ቢነሳ ወይም በጀቱ ቢያልቅ ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል። በኮንትራት መኖር ጀመራችሁ የሚባለው ሁለተኛውን ሥራ፣ ከሌላ ሰው፣ በራሳችሁ ስም ስታገኙ ነው።

ስለዚህ ከመልቀቃችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ስም ጻፉ። ሥራዬን በዓይኑ ያየ። ገንዘብ የማዘዝ ሥልጣን ያለው። ነገ ብደውልለት ስልኬን የሚያነሳ። ሦስቱንም የሚያሟላ ሰው ብቻ ነው የሚጻፈው፤ ጎበዝ ነህ እያለ የሚያሞግሳችሁ ጓደኛ አይቆጠርም። አራት አምስት ስም ካገኛችሁ መነሻ አላችሁ። አንድ ብቻ ከሆነ ግን አለቃ ቀየራችሁ እንጂ ሌላ ምንም አልተለወጠም። ያውም ጡረታና ሕክምና የማያስብላችሁ አለቃ።

ኮንትራት ሲባል ሁለት ዓይነት መሆኑንም ልብ በሉ። አንዱ ለተወሰነ ጊዜ መቀጠር ነው፤ ደመወዝም ፈቃድም አለው፣ ማለቂያ ቀን ተቆርጦለታል እንጂ ያው ቅጥር ነው። ሌላው በራስ ስም አገልግሎት መሸጥ ነው፤ እዚህ እናንተ ሠራተኛ ሳትሆኑ ሻጭ ናችሁ። የቱን እንደምትፈርሙ በትክክል እወቁ። ቋሚ ሠራተኛን ያለ በቂ ምክንያት ማሰናበት እንደማይቻል የሚደነግገው እ.ኤ.አ. የ1982ቱ የዓለም ሥራ ድርጅት 158ኛ ስምምነት እንኳ፣ ለተወሰነ ጊዜ የተቀጠሩትን አገሮች ከጥበቃው ሊያስወጧቸው እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ስሙ ኮንትራት ሆኖ ሥራው ግን የቋሚ ሠራተኛ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ማይክሮሶፍት ለዓመታት እንዲህ ያሠራቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ከሰሱት። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2000 ላይ 97 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ክሱ ስምንት ዓመት ፈጀ ማለት ነው። እናንተ ስምንት ዓመት የምትጠብቁበት ጉልበት ላይኖራችሁ ይችላል፤ ስለዚህ ከመፈረም በፊት ጠይቁ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ዓመት 52 ሳምንት ነው፣ በሳምንት አምስት ቀን ሲሠራ 260 የሥራ ቀን ይሆናል። ቋሚ ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ሆኖም፣ ታሞ ተኝቶም የ260ው ይከፈለዋል። አገልግሎት ሻጩ ግን የሚያገኘው ለሠራበት ቀን ብቻ ነው። ለእረፍት 20፣ ለበዓላት 10፣ ለሕመም 5 ቀን ቀንሱ፤ 225 ይቀራል። ሥራ ፍለጋ፣ ፕሮፖዛል መጻፍ፣ ክፍያ መከታተል ደግሞ 35 ቀን ይብላ፤ ለጀማሪ ይሄ እንኳ ለዘብ ያለ ግምት ነው። 190 ቀረ። አሁን በቀን የሚደርሳችሁ 100 ነው እንበል፤ የዓመቱ 26,000 ነው። ይህንኑ በ190 ቀን ለማግኘት በቀን ወደ 137 መጠየቅ አለባችሁ። ትርፍ እንዳይመስላችሁ፣ ያላችሁበት ቦታ ላይ መቆም ነው። አሠሪ የሚሸፍነው ጡረታ፣ ሕክምና፣ ሥልጠና፣ ኮምፒውተር የደመወዙን 20 በመቶ ቢሆን ቁጥሩ 164 ይደርሳል። እናም “30 በመቶ ጨምረንልሃል” ከተባላችሁ ገቢያችሁ ሊቀንስ ነው። የራሳችሁን ቁጥር አስገብታችሁ ሥሩት። በሽያጭ ሳይሆን በተወሰነ ጊዜ ቅጥር የምትገቡ ከሆነ ደግሞ የትኛው ጥቅም እንደቀረ እያያችሁ ቀንሱ።

አንዲት ወጣት ባልደረባዬ አንድ ቀን ረቂቅ ውል ይዛ መጣች። “ጋሼ፣ ልፈርም ነው፤ አንዴ ይዩልኝ” አለችኝ። ክፍያው አጓጊ ነበር። የክፍያው አንቀጽ ግን “ሪፖርቱ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ይከፈላል” ይላል። የሚቀበለው ማነው? በስንት ቀን? አልተጻፈም። አንድ ኃላፊ ሪፖርቷን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ስድስት ወር ቢቆይ ውሉን ጣሰ ልትለው አትችልም። በእርሳስ አሰመርንበትና ማሻሻያ ጽፋ ላከች። የሚቀበለው ሰው የሥራ መደብ ይጻፍ። በ10 የሥራ ቀን ውስጥ የጽሑፍ አስተያየት ካልተሰጠ ሪፖርቱ ተቀባይነት እንዳገኘ ይቆጠር። ከጠቅላላው 20 በመቶው ሲፈረም ይከፈል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እሺ አሏት፤ ቅድሚያ ክፍያውን ወደ 10 በመቶ አወረዱት። ማንም አልተቀየማትም። ረቂቅ የተባለውም እንዲነካካ ነው።

ያ ውል ተሻሽሎ እንኳ ቀኑን ቁጠሩት። አንድ ወር ሠርታ ሪፖርት ታስገባለች፣ ሁለት ሳምንት ለመቀበል፣ 60 ቀን ለመክፈል። የሪፖርቱ ገንዘብ እጇ የሚገባው ከሦስት ወር በላይ ቆይቶ ነው። እስከዚያ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። የስድስት ወር ወጪ በባንክ ሳይኖራችሁ አትልቀቁ የምለው ለዚህ ነው። ደግሞ የባንክ ብድር የምትፈልጉ ከሆነ ቋሚ ደመወዝ እያላችሁ ጨርሱት።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፣ ብዙም ሲነሳ አልሰማም። ኮንትራት ላይ ያለ ሰው ሥራውን አስረክቦ ይሄዳል። የሠራው ነገር በሁለተኛው ዓመት ምን እንደሆነ፣ የት ላይ እንደተሰበረ፣ ማን እንደጠገነው አያይም። እኔ ሙያዬን በደንብ የተማርኩት የራሴን ሥራ ውጤት ተቀምጬ እያየሁ ነው። ስለዚህ ገና ሁለትና ሦስት ዓመት የሠራችሁ ልጆች፣ ቢያንስ አንድ ሥራ ከሐሳቡ ጀምሮ አገልግሎት ላይ እስኪውልና ችግሩ እስኪታይ ድረስ አብራችሁት ቆዩ። ከዚያ በኋላ ስትሄዱ የምትሸጡት እውቀት ይኖራችኋል።

በአለቃ ተናዳችሁ የምትለቁ ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ ጥቂት ታገሡ። ሥራ ቦታው ጤናችሁን እየጎዳ ከሆነ ውጡ፣ በዚህ አልከራከርም። የተናደደ ሰው ግን ውል አያነብም። የቀረበለትን የመጀመሪያ ዋጋ ተቀብሎ ይፈርማል።

አስባችሁበት፣ ስሙንም ሂሳቡንም ይዛችሁ ከወሰናችሁ በርቱ፣ ደስ ይለኛል። ስትወጡ በወጉ ውጡ። የማስጠንቀቂያ ጊዜያችሁን ሙሉ ሥሩ። የጀመራችሁትን የት እንዳደረሳችሁ ጽፋችሁ፣ ፋይሉ የት እንዳለ ለተተኪያችሁ አሳይታችሁ አስረክቡ። ክሊራንሱንና የሥራ ልምድ ደብዳቤውን “ቆይቼ እመጣለሁ” ሳትሉ በእጃችሁ ያዙ። የምትለቁት ቦታ ሥራችሁን ከማንም በላይ የሚያውቅ ነው፤ ሁለተኛው ኮንትራት ከዚያው ሲመጣ ደጋግሜ አይቻለሁ።